ሳር ደሞ ይዘራል እንዴ? የወሎ የተራቆተ ግጦሽ እና የሀገር በቀል ሳር ጉዳይ

ወሎ ውስጥ ስለ ተራቆተ ግጦሽ መሬት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ሳር ደሞ ይዘራል እንዴ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጤፍ ይዘራል፣ ማሽላ ይዘራል፣ ገብስ ይዘራል፣ ሳር ግን ክረምት ሲገባ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው፣ ሲታጨድ እንጂ ሲዘራ ያየው ሰው ትንሽ ነው። ለዚ ነው ባለሙያ መጥቶ "ይሄን ኮረብታ ሀገር በቀል ሳር እንዝራበት" ሲል ግማሹ ሰው ገንዘብ ማባከን የሚመስለው፣ ሌላው ደሞ መሬቱን ለመውሰድ የተፈጠረ ሰበብ ነው ብሎ የሚጠረጥረው።

ነገሩ አሁን ጎላ ብሎ የመጣበት ምክንያት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የተጎዳ ተፈጥሮ የሚታደስበት አስር ዓመት ብሎ ሰይሞታል፣ 2026ን ደሞ ለይቶ የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎታል። ኢትዮጵያም በ2014 (እ.ኤ.አ.) 15 ሚሊዮን ሄክታር የተጎዳ መሬት ለማልማት ቃል ገብታለች። ግን እኛ ሀገር "መሬት ማልማት" ሲባል የብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ችግኝ ነው፣ ሳር ትዝ የሚለው የለም፣ ትዝ ሲልም ነገሩ ይምታታል፦ መከለል ነው መዝራት? ደሾ የሚባለው የመኖ ሳር ነው የድሮው የአካባቢው ሳር? ዘሩስ ከየት ነው የሚመጣው? ከዚ በታች ያለው ይሄን ለመፍታት ነው። ሐሳቡን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ ሳር መዝራት ይሠራል፣ ግን የሚሠራው ተራውን ጠብቆ ሲመጣ ነው፣ ተራው ደሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ነው።

መሬቱ እንዴት እዚ ደረሰ

ሳር ስለተጋጠ ብቻ አይሞትም፣ እንዲያውም ለመጋጥ የተፈጠረ ተክል ነው ማለት ይቻላል፣ ማደጊያው ከታች ከመሬቱ ጥግ ስለሆነ ከላይ ሲቆረጥ ከሥር ያቆጠቁጣል። የሚገድለው እረፍት ማጣት ነው። ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፣ ቅጠሉ ሲጋጥ ሥሩ ውስጥ ያስቀመጠውን ስንቅ አውጥቶ ሌላ ያበቅላል፣ ያችም ሳትጠነክር ትጋጣለች፣ እንደገና ከስንቁ ያወጣል፣ እንዲህ እያለ ሥሩ እያጠረ እያጠረ ሄዶ አንድ በጋ ላይ ጠፍቶ ይቀራል። ቀድመው የሚጠፉት ፔሬኒያል የሚባሉት ናቸው፣ ማለትም ከአንድ ሥር ዓመት በዓመት እያቆጠቆጡ የሚኖሩት። ቦታቸውን አኑዋል የሚባሉት ይይዙታል፣ በአንድ ክረምት በቅለው ዘር ጥለው የሚደርቁት፣ ነሐሴ ላይ መሬቱን አረንጓዴ አድርገው ጥር ላይ ምንም የማያስቀሩት። ለዚ ነው በክረምት ፎቶ ሲነሳ ደህና የሚመስል መሬት በበጋ አቧራ የሚሆነው። ቀጥሎ ከብት የማይነካቸው ይገባሉ፣ ክትክታ፣ ደደሆ፣ ሬት፣ በደቡብ ወሎ ኮረብታዎች ላይ ዛሬ በብዛት የሚታዩት እነሱ ናቸው።

አፈሩ ላይ የሚሆነው ደሞ ሌላ ነው። ሳር የሌለው መሬት በኮቴ ይጠቀጠቃል፣ የዝናቡ ጠብታ በቀጥታ ሲመታው ላዩ ላይ ቅርፊት ያበጃል፣ ውሃው ከመስረግ ይልቅ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ከአፈሩ ጋር ዘሩንም። ስዊዘርላንዳዊው የአፈር ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ደጋ ያወጣቸው ግምቶች እዚ ላይ ብዙ ይናገራሉ፦ ሳር ለብሶ ከሚጋጥ መሬት በዓመት ከሄክታር 5 ቶን አካባቢ አፈር ይታጠባል፣ ከታረሰ መሬት 42 ቶን፣ ታርሶ ተጎድቶ ከተተወ ራቁት መሬት ደሞ 70 ቶን። ከ5 ወደ 70 ማለት ነው ልዩነቱ። ከነዚ ግምቶች ጀርባ ካሉት የመለኪያ ጣቢያዎች አንዱ ወሎ ውስጥ ነው፣ ከደሴ ብዙ የማይርቀው ማይባር፣ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው።

የሰው ድርሻስ? "ገበሬው ከብት አበዛ" ብሎ መጨረስ ቀላል ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። እርሻው እየሰፋ ተዳፋቱን እየወጣ ሲሄድ ለከብት የቀረው ማንም የማይፈልገው ጭንጫ፣ የገደል አፋፍና የቦረቦር ዳር ሆነ፣ እዛች ላይ የቀሩት ከብቶች በሙሉ ተጨናነቁ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለው ቃሉ ወረዳ ላይ በ1958 እና በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተነሱ የአየር ፎቶዎችን ያነጻጸረ ጥናት ቁጥቋጦውና ጫካው እየቀነሰ ራቁት መሬቱ እየጨመረ መሄዱን አሳይቷል። ከብቱ ደሞ ለቅንጦት የተያዘ አይደለም፣ በሬ ከሌለ እርሻ የለም።

መዝራት ከመታሰቡ በፊት አፈሩ ውስጥ ያለውን ማየት

የሞተ የሚመስል መሬት ሁሉ አልሞተም። አፈር ውስጥ ሳይበቅል ተኝቶ የሚጠብቅ ዘር አለ፣ ባለሙያዎቹ ሲድ ባንክ ይሉታል፣ የዘር ጎተራ ልንለው እንችላለን። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመና የደቡብ ወሎን የተራቆቱ ኮረብታዎች የመረመረ ጥናት ከአፈሩ ናሙና ወስዶ ሲያበቅል የወጣው በአብዛኛው ሳርና ቅጠላ ቅጠል ነበር፣ የዛፍ ዘር ጥቂት ነው። ይሄ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። ዛፉ ከአፈሩ ዘር ተነስቶ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ሲሆን ሳሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ዕድሉን ከሰጡት ራሱ ይመጣል ማለት ነው።

ዕድል የሚሰጠው ደሞ ከለላ ነው። ከለላ ማለት አንድ የወል መሬት ከከብት እንቅስቃሴ ውጪ ሆኖ ለተወሰነ ዓመት ሲያርፍ ነው፣ ኤክስክሎዠር የሚሉት ይሄንኑ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ እንደታየው የሳር ሽፋን ከተከለለ በሁለት ሦስት ክረምት ውስጥ በግልጽ ይለወጣል፣ ያለ አንድ ኪሎ ዘር። "ዘግተህ ጠብቅ" የሚሉት ወገኖች ጉልበታቸው እዚ ላይ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚመለሰውም የቦታው የራሱ ሳር ነው።

ግን ልክ አለው። ላይኛው አፈር ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ጭንጫው ብቻ የቀረበት ቦታ ላይ የዘር ጎተራውም አብሮ ሄዷል፣ ዘግተህ ብትጠብቅ የምታገኘው ክትክታ ነው። ለብዙ ዓመት ታርሶ የተተወ መሬትም እንደዛው፣ ማረሻ የፔሬኒያል ሳርን ሥር ያጠፋል፣ የነዚ ሳሮች ዘር ደሞ አፈር ውስጥ ረጅም ዓመት የሚቆይ አይደለም፣ የሚቆየው የአረሙ ነው። ሦስተኛው፣ በዙሪያው ለብዙ ርቀት ጥሩ ሳር የሌለበት ቦታ ነው፣ ነፋስም ከብትም የሚያመጣው ዘር ከሌለ ከየት ይመጣል። መዝራት ትርጉም የሚኖረው እንግዲህ እነዚ ሦስቱ ላይ ነው።

ይሄን ለመለየት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከመሬቱ የተለያየ ቦታ ላይ በየካቲት ወይ በመጋቢት ላዩን አፈር ሰብስቦ በሳጥን ዘርግቶ ውሃ እያጠጡ ሁለት ወር ማየት ይበቃል፣ የሚበቅለው ምን እንደሆነ የመንደሩ አዛውንት ከባለሙያ እኩል ይለዩታል። ብዙ ፕሮጀክት ይሄን ዘሎ ቀጥታ ወደ ዘር ግዢ መሄዱ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ዘር የማያስፈልገው መሬት ላይ የወጣው ገንዘብ የግድ ለሚያስፈልገው ሊውል ይችል ነበር።

የትኛው ሳር ነው ሀገር በቀል

"ሀገር በቀል" የሚለው ቃል ያታልላል። ወሎ አንድ ሀገር አይደለም በአየር ንብረት፣ ባቲና ቆቦ ቆላ ቀመስ ሆነው ሞቃት ናቸው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ሆኖ በዓመት 1,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፣ ደሴ ብርድ ነው፣ ደላንታና ለጋምቦ ከዛም በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ደጋ ላይ ጓሳ አለ፣ ከዛ ዝቅ ሲል ጋጃ፣ አክርማ፣ ስንደዶ፣ እርጥብ ሜዳው ላይ የባቄላ ዘመድ የሆነው ማገት፣ ወይናደጋ ላይ ሰንበሌጥ፣ ሰርዶ ደሞ ከቆላ ጀምሮ ብዙ ቦታ። ከቆቦ የመጣ ዘር ደላንታ ላይ ውርጩ ይፈጀዋል፣ ከደላንታ የሄደውም ቆቦ ላይ ሙቀቱን አይችለውም። ስለዚ ሀገር በቀል ሲባል የኢትዮጵያ ማለት አይበቃም፣ የዛው ከፍታ፣ የዛው አፈር፣ ቢቻል የዛው ተፋሰስ መሆን አለበት።

እዚ ላይ ከደሾና ሮደስ ከሚባለው የመኖ ሳር ደጋፊዎች ጋር ክርክር አለ፣ ክርክራቸውም ውሃ ያነሳል። ደሾ የኢትዮጵያ ሳር ነው፣ በተለይ በደቡቡ ደጋ የታወቀ፣ ከሥሩ ተገንጥሎ ሲተከል ቶሎ ይይዛል፣ እርከን ያጠናክራል፣ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። ሮደስም አፍሪካዊ ነው፣ ዘሩ ገበያ ላይ ይገኛል። ለአንድ ገበሬ ጓሮና እርከን ላይ እነዚ ጥሩ ምርጫ ናቸው፣ ማንም ተው ሊለው አይገባም። የወል ኮረብታ ግን ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ሳር ብቻ የለበሰ ኮረብታ ላይ ድርቅ ወይ በሽታ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሄዳል። ከአክርማና ከስንደዶ ሰፌድና መሶብ ይሠራል፣ ከሰንበሌጥ ጣራ ይከደናል፣ ማገት አፈሩን ናይትሮጂን ይመግበዋል፣ ደሾ ብቻውን ይሄን ሁሉ አይተካም። የሴቶች የስፌት ገቢ በግጦሽ መሬት ሂሳብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለመቆጠሩ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

የሌሎች ሀገሮች ልምድም እዚ ላይ ያስተምራል። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ የአቧራ ማዕበል ሜዳቸውን ሲያራቁትባቸው ከሩሲያ በኩል የመጣ የስንዴ ሳር በሰፊው ዘሩ፣ መሬቱን ቶሎ ያዘላቸው፣ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም የራሳቸውን ሳር እንዳይመለስ ከልክሎ ተቀመጠ። ሴንክረስ ሲሊያሪስ የሚባለው የኛ የቆላ ሳር ደሞ በተቃራኒው ወደ አሪዞና በረሃ ተወስዶ እዛ ወራሪ ሆኗል፣ እሳት የማያውቀውን በረሃ እሳት አስለምዶታል። ሳሩ ያው ነው፣ ቦታው ነው የተቀየረው። የቅርቡ ጥሩ ምሳሌ ኬንያ ነው፣ ባሪንጎ አካባቢ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሄንኑ ሴንክረስና ሌሎች የአካባቢው ሳሮችን በራቁት መሬት ላይ እየዘሩ ሳሩንም ዘሩንም ለመሸጥ በቅተዋል፣ እዛ ሳሩ በቤቱ ነው።

ዘሩ ከየት ይመጣል

ከባዱ ነገር ይሄ ነው። የጋጃ ዘር ወይ የሰንበሌጥ ዘር የሚሸጥ ሱቅ የለም። ኢንተርናሽናል ላይቭስቶክ ሪሰርች ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ባለው የመኖ ዘር ባንክ ከ18 ሺ በላይ ናሙና ይዟል፣ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትም አለ፣ ሰሜን ወሎ ላይ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ግን የዘር ባንክ የሚሰጠው ለማባዣ የሚሆን እፍኝ ነው፣ ኮረብታ የሚሸፍን ኩንታል አይደለም። ስለዚ ዘሩ መሰብሰብ ያለበት እዛው አካባቢ ነው፣ ከየት ቢባል ከብት ካልገባበት ከየትም፦ ከቤተክርስቲያን ቅጥር፣ ከመስጊድና ከመቃብር ቦታ፣ ከድሮ ከለላ፣ ከእርከን ጫፍ። የወሎ ሰው በእምነት የጠበቃቸው ቦታዎች ሳይታወቅ የዘር ማስቀመጫ ሆነው ቆይተዋል።

መሰብሰቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዱር ሳር እንደ ስንዴ ባንዴ አይደርስም፣ የአንዱ ዛላ ጫፍ ደርሶ ሲረግፍ ግርጌው ገና አረንጓዴ ነው፣ ቀድመህ ብታጭድ ያልበሰለ ነው፣ ብትዘገይ መሬት ላይ ነው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባሉት ሳምንታት ውስጥ ተመላልሶ በእጅ መላግ ነው ያለው መንገድ። ዘር ከሚመስለው ውስጥ ብዙው ደሞ ባዶ ገለፈት ነው። እዚ ጋ ፒዩር ላይቭ ሲድ የሚባል ስሌት አለ፣ ንጹህና ሕያው ዘር ማለት ነው። ለምሳሌ ከ10 ኪሎ ውስጥ እውነተኛ ዘር የሆነው 40 ከመቶ ቢሆን፣ ከዛ የሚበቅለው ደሞ 30 ከመቶ ቢሆን፣ በእጅህ ያለው ሕያው ዘር 1 ኪሎ ከ200 ግራም ብቻ ነው። "በሄክታር 10 ኪሎ ዘራን" የሚል ሪፖርት ያለዚ ስሌት ምንም አይነግረንም። ብዙ "አልበቀለም" የተባለ ሥራም ጥፋቱ የመሬቱ ወይ የዝናቡ ሳይሆን ከጆንያው ጀምሮ የነበረ ነው።

ሌላው፣ አዲስ የተሰበሰበ የዱር ሳር ዘር ቶሎ አይበቅልም፣ እንቅልፍ ላይ ነው፣ በበጋ መሀል አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ አታሎ እንዳያበቅለው ተፈጥሮ የሰጠችው መከላከያ ነው። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ጥቂት ወራት ሲቀመጥ ብዙው ይነቃል፣ ጥሩነቱ ደሞ በጥቅምት የተሰበሰበ ዘር ለሰኔ መጨረሻ ሲደርስ ስምንት ወር አርፏል፣ የኛ ወቅት ከዘሩ ወቅት ጋር ተገጣጥሟል። ላስቲክ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ሻጋታ ካልበላው ማለት ነው።

ዘር ሳይለቅሙ መዝራትም ይቻላል፣ ለወሎ ገበሬ ከሁሉም የሚቀርበው ይሄኛው ይመስለኛል። ጥሩ ሳር ያለበትን ቦታ ዘሩ በስሎ ሳይረግፍ አጭዶ ድርቆሹን ከነዘሩ ወደ ተራቆተው መሬት ወስዶ በስሱ መበተን ነው፣ ዘሩ ይረግፋል፣ ጭዱ ደሞ አፈሩን ከጸሐይና ከጠብታ ይጋርዳል፣ አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም። ዘራቸው አስቸጋሪ ለሆነው ለነጓሳና ለነአክርማ ሥሩን ገንጥሎ መትከል፣ ሰርዶን ደሞ ሐረጉን ቆራርጦ መቅበር በቂ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እዚ ላይ የግድ ነው። ፓርቲኒየም የሚባለው መርዘኛ አረም ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ደሴ አካባቢ ነው፣ በድርቁ ዘመን ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ተመራማሪዎች በሰፊው ያምናሉ። አንድ እግር ከ15 ሺ በላይ ዘር ይጥላል፣ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፣ ግጦሽ ላይ ከገባ ሳሩን ገፍቶ ያወጣዋል። ያልተጣራ ዘር ወይ ከመንገድ ዳር የታጨደ ድርቆሽ ወደ ከለላ ማስገባት ማለት ይሄን ታሪክ በገዛ እጅ መድገም ነው። የሚታጨደው ቦታ በነሐሴና በመስከረም፣ አረሙ አበባ ላይ እያለ፣ በእግር ተዞሮ መታየት አለበት።

መቼና እንዴት፦ ጤፍ የሚዘራ ሰው ያውቀዋል

ጤፍም እኮ ሳር ነው፣ በተክል ምደባ ከነዚሁ ከዱር ሳሮች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ደቃቅ ዘር እንዴት እንደሚዘራ የወሎ ገበሬ ከማንም መማር አያስፈልገውም፦ ጥልቅ አይቀበርም፣ ላዩ ላይ ይበተናል፣ መሬቱ በከብት ይረገጣል፣ ዘሩና አፈሩ ይጣበቃሉ። ለዱር ሳርም ያው ነው፣ ከአንድ ሁለት ሴንቲሜትር በታች ከገባ አይወጣም። ተዳፋት ላይ የሚጨመረው ነገር ውሃና ዘር የሚያቆም ግማሽ ጨረቃ ቁፋሮ ወይ የድንጋይ ክትር ነው፣ ቅርፊቱን ደሞ በመቆፈሪያ መጫር፣ ከላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ጣል ማድረግ። እሾሁ ፍየል ይከለክላል፣ ጥላም ይሰጣል።

ጊዜው ላይ ግን ወሎ የራሱ ጣጣ አለው፣ በልግ። ሁለት ዝናብ ያለው አካባቢ ስለሆነ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው በልግ መዝራት ያጓጓል፣ ግን በልጉ በዘነበ ማግሥት ሊጠፋ ይችላል፣ የበቀለው ቡቃያ ሥር ሳይሰድ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደርቆ ያልቃል፣ ዘሩ አንዴ ከበቀለ ደሞ ሁለተኛ የለም። ስለዚ ብዙው ቦታ ላይ ዋናው ክረምት ሲረጋገጥ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ይሻላል።

እና እዚ ጋ ማንም ብዙ የማያወራው ችግር ይመጣል። የተፋሰስ ሥራው ዘመቻ የሚካሄደው ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ ሰው ከመኸር አርፎ ጉልበት ሲኖረው፣ የመንግሥት በጀት ደሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሳር የሚዘራበት ሳምንት ላይ ሒሳቡ ተዘግቷል፣ ገበሬው ማሳው ላይ ነው፣ ባለሙያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ነው። ዘር በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ጉንዳንና ወፍ ሲለቅመው የሚከርመው አንዱ በዚ ምክንያት ነው። እርከኑና ቁፋሮው በጥር፣ ዘሩ በሐምሌ እንዲሆን ሥራውን ለሁለት የበጀት ዓመት መክፈል የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፣ ግን ሳሩ መብቀል አለመብቀሉ እዛ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በሬው የት ይዋል

ይሄ ሁሉ ቴክኒክ ተሟልቶ የሚፈርሰው እዚ ላይ ነው። ከለላ ሲባል ለአንዱ ሳር ነው፣ ለሌላው የተዘጋ በር ነው። ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ገለባ አለው፣ በሬውን ሁለት ዓመት ቤት አስሮ ሊቀልብ ይችላል፣ መሬት የሌለው ወጣት ወይ ሁለት ፍየል ይዛ የምታድር እናት ግን ያላቸው ያ የወል ኮረብታ ብቻ ነው። የሳሩ ጥቅም በሦስተኛው ዓመት ይመጣል፣ ጉዳቱ የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት። ከብቱ ደሞ ስለተከለለ አይጠፋም፣ ወዳልተከለለው ጎረቤት ኮረብታ ይሄዳል፣ አንዱ ሲለማ ሌላው ይራቆታል፣ ከሩቅ ሲታይ የተሳካ ፕሮጀክት በቅርብ ሲታይ ችግር ማዛወር ሊሆን ይችላል።

ታሪኩንም መርሳት አይቻልም። በደርግ ጊዜ ከድርቁ በኋላ በምግብ ለሥራ ወሎ ላይ ብዙ ኮረብታ ተከልሎ ነበር፣ ከላይ በትዕዛዝ፣ እና በ1983 መንግሥት ሲቀየር ብዙው ወዲያው ተቆረጠ፣ ተጋጠ። ሰው ሳሩን ጠልቶ አልነበረም፣ የኔ ነው ብሎ ስላላመነ እንጂ። በሌላ በኩል ጎረቤት መንዝ ላይ ጓሳው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ የሕዝቡ ስርዓት ለዓመታት እየተዘጋ በተራ እየተከፈተ ቆይቷል፣ ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ ስርዓቱ ቢናጋም ሳሩ ዛሬም አለ።

ወሎም የራሱ ነገር አለው። ቅሬ አለ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በቀብርና በችግር የሚያሰባስበው፣ የቀረን የሚቀጣ፣ ቅጣቱም የሚከበርለት ማኅበር። አባጋሮች አሉ፣ በደም የተፈላለገን የሚያስታርቁ። የከለላ ደንብ በቀበሌ ማኅተም ብቻ ከሚወጣ በቅሬ ተነጋግሮ ቢወጣ የመከበር ዕድሉ ይበልጣል፣ ጠባቂ ቢቀጠርም ከዛው ተመርጦ። ይሄን የሚጠራጠሩ አሉ፣ ቅሬ ለቀብር ነው፣ የመሬት ጣጣ ውስጥ ብናስገባው እሱንም እናፈርሰዋለን ይላሉ፣ የሚናቅ ስጋት አይደለም፣ ምናልባት መልሱ ቅሬው ደንቡን ያውጣ፣ ሳሩን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ግን ለብቻው ይሁን የሚለው ሊሆን ይችላል።

ሳሩ ሲደርስ አከፋፈሉ ሁሉን ይወስናል። ታጭዶ በሸክም ለቤተሰብ እኩል ከተከፈለ ከብት የሌለውም ድርሻውን ይሸጣል፣ በከብት ቁጥር ከሆነ ባለ ብዙ ከብቱ ይወስደዋል፣ ድሃው ደሞ በሚቀጥለው ዓመት ፍየሉን በሌሊት ያስገባል። መሬቱን ባንዴ ከመዝጋት ሦስት ቦታ ከፍሎ በየተራ ማሳረፍም መጀመሪያ ላይ ዝግ ይላል፣ ግን በሬው የሚውልበት አያጣም። ከሚሴ አካባቢ ያለውን የጨፋ ሜዳ ዓይነት ቦታ ላይ ሒሳቡ ይብሳል፣ በበጋ ከአፋር በኩል ከብታቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ከጥንት ጀምሮ፣ እነሱን ሳያማክሩ እዛ የሚደረግ ከለላ ሳር ሳይሆን ጠብ ነው የሚያበቅለው።

ዛፉስ

"ሳር ሳር የምትሉት ችግኝ እያለ ለምንድነው" የሚል አለ። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ እየተተከለ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይም ተገቢ ነው። ግን ከጥንትም ሜዳ የነበረ መሬት አለ፣ ጓሳው ያለበት የአቡነ ዮሴፍና የአማራ ሳይንት ከፍታ ዛፍ ያጣ ጫካ አይደለም፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚኖሩት ያ ሳር ስላለ ነው። ኮረብታው ላይ ባሕር ዛፍ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ከተተከለ ደሞ ከሥሩ ሳር አይበቅልም፣ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፣ ግንድ ብር ነው ለሚለው ገበሬ ግን የሚገባ ምርጫ ነው፣ ድርቆሽ ብር እስኪሆን ድረስ። ካርቦንም ቢሆን ሳር አብዛኛውን የሚያስቀምጠው ከመሬት በታች በሥሩና በአፈሩ ነው፣ ከላይ ስለማይታይ አይቆጠርለትም እንጂ። የተራራቀ ግራርና ወይራ ከሥሩ ሳር ያለበት፣ ለብዙው ወይናደጋ መሬት ሁለቱንም ያስማማል።

ከዚ በኋላ ምን ይጠበቃል

በመጀመሪያው ዓመት የተዘራ መሬት አያምርም። አረም ይበዛል፣ አኑዋሉ ይቀድማል፣ የተዘራው ፔሬኒያል ከላይ ጣት ታክላለች፣ ጉልበቱን ሥር ላይ እያዋለ ነው። ያኔ መጥቶ "ከሽፏል" የሚል ግምገማም፣ ያኔ ሳሩን አይቶ ከብት የሚለቅ ሰውም እኩል ያጠፋሉ፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ክረምት ሳይጋጥ ማለፍ አለበት፣ ሁለተኛው ላይ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ማጨድ ይቻላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ድርቆሹ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያለችውን ከባዷን ጊዜ መሸፈን ይጀምራል፣ ከታች ያለው ማሳም ጎርፉ ሲቀንስለት ይታያል።

ለዘለዓለም መዝጋትም መፍትሔ አይደለም። ሳይጋጥም ሳይታጨድም የቆየ ከለላ ውስጥ ክትክታው እያደገ ይዘጋና ሳሩን በጥላ ይገድለዋል፣ አሮጌው ሳርም በራሱ ላይ ደርቆ አዲሱን ያፍነዋል። ስለዚ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ መክፈት ያስፈልጋል፣ በልክ፣ በተራ፣ በበጋ።

አደጋው የሚመጣውም ያኔ ነው። ጭንጫ እያለ ማንም ያልጠየቀው ኮረብታ ሳር ሲለብስ ባለቤት ይበዛበታል፣ ለሥራ አጥ ወጣት ይከፈል የሚል ይመጣል፣ ለባሕር ዛፍ ይሁን የሚል ይመጣል፣ ለከብት ማድለቢያ በሊዝ ይሰጥ የሚልም አይጠፋም፣ ከነዚ ውስጥ የወጣቶቹ ጥያቄ በተለይ እውነተኛ ነው። አሁን ዘር ከመበተኑ በፊት ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፍ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ መሬቱ በማን ስም ወል ሆኖ እንደተመዘገበ፣ ድርቆሹ በስንት ቤተሰብ እንደሚካፈል፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከሳሩና ከዘሩ ሽያጭ ምን እንደሚደርሳቸው፣ በአምስተኛው ዓመት ደሞ በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ።